የካሳነሽ አቤቱታ እንዴት እንደ ተጻፈ

ግንቦት አሥራ ስምንት ቀን ጧት አቶ ይኸነው ከአዲስ ቅዳም ወደ እንጅባራ በሚሄድ ሚኒባስ ሲሳፈሩ ያገኙት ባዶ ቦታ አንድ ብቻ ነበር። እሱም መስኮቱ አልዘጋ ያለ ወንበር ሲሆን አጠገቡ ሂጃብ የለበሰች አንዲት ወጣት ተቀምጣለች። ከከተማው ወጣ እንዳሉ ዝናቡ ጣለ። ውሃው በመስኮቱ እየገባ ሽማግሌው ያቀፉትን ፌስታል ማራስ ሲጀምር ወጣቷ ጃንጥላዋን በከፊል ዘርግታ ከለለችላቸው።

«አባባ፣ ወረቀት ከሆነ ይበላሽብዎታል። ወደዚህ ያምጡት፣ ቦርሳዬ ውስጥ እናስቀምጠው» አለቻቸው።

«ይራስ፣ ተዪው ልጄ። ከእንግዲህ ምን ሊሠራ!»

ይህን ያሉት በንዴት ሳይሆን ተስፋ ቆርጦ በሰነበተ ሰው ድምፅ ስለ ነበር ወጣቷ ዝም ብላ ልታልፈው አልቻለችም።

«የፍርድ ቤት ማኅተም አየሁበት፤ ለዚያ ነው። እኔ አፊያ እባላለሁ፣ የዳንግላ ልጅ ነኝ። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ሕግ እማራለሁ፤ ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቴ ነው።»

«ሕግ!» አሉ አቶ ይኸነው ፊታቸውን ወደ እሷ መልሰው። «እንግዲያስ ከመጽሐፉ ውስጥ ፈልገሽ ንገሪኝ። የአንዲት መበለት እንባ በአራት ገጽ ተጽፎ ሲቀርብ መዝገብ ይዘጋል የሚል የት ቦታ ነው ያለው?»

አቶ ይኸነው የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው ናቸው። በልጅነታቸው የቄስ ትምህርት የተማሩ፣ የእጅ ጽሕፈታቸው ውብ የሆነ፣ በቀበሌያቸው ከሠላሳ ዓመት በላይ ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ለማኅበርም ለቀበሌም፣ ልጁ ለጠፋበትም በሬው ለተወሰደበትም ጽፈዋል። የጻፉትን ሲያነቡት ሰው ያለቅሳል፤ ይህም የኩራታቸው ምንጭ ነበር። ታናሽ እህታቸው ካሳነሽ ባሏ ከሞተ በኋላ ጎረቤቷ መሳፍንት ይዞታዋ ውስጥ ገብቶ አጥር ሲያጥርባት፣ ክሱን ማን ይጻፈው የሚል ጥያቄ እንኳ አልተነሣም።

በዚያ መሬት ላይ ካሳነሽና ባሏ ከአምስት ዓመት በፊት ዲከረንስ የሚባለውን የከሰል ዛፍ ተክለው ነበር። ዛፉ አሁን ለመቆረጥ ደርሷል። ቆራጮቹም መጋዝ ይዘው እንደሚመጡ መሳፍንት በገበያ አውርቷል።

«ክሱ የተዘጋው ከአምስት ሳምንት በፊት ነው» አሉ አቶ ይኸነው። «የእህቴ ልጅ ክንዴ ‹መጋዙ አንድ ዛፍ የነካ ቀን ደም ይፈሳል› ብሎ ምሏል። ቀልደኛ ልጅ ቢሆን አልፈራም ነበር። እሱ ግን ያለውን የሚያደርግ ነው። አሁን እንጅባራ የምሄደው እሱን የሚመክርልኝ ዘመድ ፍለጋ ነው። የፍርድ ቤቱማ ነገር አለቀ።»

«ትእዛዙን ላንብበው፣ ይፈቅዱልኛል?»

ፌስታሉን ሰጧት። አፊያ ባለ አንድ ገጹን ትእዛዝ አውጥታ ከላይ እስከ ታች በጣቷ እየተከተለች አነበበችና ከታች ቆመች።

«አባባ፣ ይህን የመጨረሻውን መስመር አንብበውታል?»

«‹መዝገቡ ተዘግቷል› እስከሚለው አነበብኩ። ከዚያ ወዲያ ምን ይነበባል?»

«ከዚያ ወዲያ እንዲህ ይላል፦ ‹ከሳሽ ጉድለቱን አሟልታ ክሷን እንደ አዲስ የማቅረብ መብቷ የተጠበቀ ነው።›»

አቶ ይኸነው መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ወረቀቱን ተቀብለው ራሳቸው አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ከዚያም «እስቲ አንቺ አንብቢልኝ» አሏት፣ ከሰው አፍ ካልሰሙት ያላመኑ ይመስል። ስታነብላቸው ከአምስት ሳምንት ጀምሮ ደረታቸው ላይ ተጭኖ የነበረው ነገር ትንሽ ለቀቅ ሲል ተሰማቸው።

«እንግዲህ አልሞተም?»

«አልሞተም። መዝገብ መዘጋትና መብት መጥፋት የተለያየ ነገር ነው። ዳኛው ‹እህትዎ ሐሰተኛ ናት› አላሉም። ‹ያቀረበችው ጽሑፍ ለመወሰን አይበቃም፣ አሟልታ ትምጣ› ነው ያሉት። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። መሳፍንት መሬቱ ውስጥ የገባው መቼ ነው? ቀኑን ያስታውሳሉ?»

«እንዴት ይረሳኛል! ካቻምና፣ የሰኔ ሚካኤል ማግስት።»

አፊያ በጣቶቿ ቆጠረች፤ ፊቷም ተለወጠ። «ሁከት ይወገድልኝ የሚባለው ክስ ሰውየው ከገባ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ካለፈ ይህ አጭሩ መንገድ ይዘጋና ረጅሙ የባለመብትነት ክርክር ብቻ ይቀራል። የቀረን ሃያ አምስት ቀን ነው፣ አባባ።»

ሽማግሌው እንጅባራ ሲወርዱ ወደ ዘመዳቸው ቤት አልሄዱም፤ በተገኘው መኪና ወደ እህታቸው ተመለሱ።

በማግስቱ ካሳነሽን ይዘው፣ አፊያ ወደ ነገረቻቸው፣ የዩኒቨርሲቲው የሕግ ተማሪዎች በመምህር እየታገዙ ለሕዝብ በነጻ የሕግ ምክር ወደሚሰጡበት ቢሮ መጡ። ካሳነሽ አጭር፣ ጠንካራ፣ ቁጥብ ሴት ናት። አማርኛ ትሰማለች፤ ልቧ ሲነካ ግን ወደ አዊኛ ትመለሳለች። አቶ ይኸነው በር ላይ ሳሉ እህታቸውን አስቁመው፣ ሌሊቱን ሲያሰላስሉት ያደሩትን ነገሯት።

«መዝገቡ የተዘጋው ዳኛው ስለጠላሽ አይደለም። እኔ ያጻጻፉን ባለማወቄ ነው። አሟሉ ብለው አንድ ጊዜ መልሰውልኝ ነበር። እንደ ንቀት ቆጥሬው ያንኑ አርዝሜ መለስኩት። ደብቄሽ ቆየሁ።»

ካሳነሽ ክንዳቸውን ያዘች። «ታዲያ አምስት ሳምንት ሙሉ እህል እምቢ ያልከው ለዚህ ኖሯል? እኔ እኮ በሽታ ይዞህ መስሎኝ ሰማይ ምድሩ ዞሮብኝ ነበር። ተወው ወንድሜ፣ እንግባ።»

የቢሮው ኃላፊ መምህር አወቀ ተቀብለው ካስተናገዷቸው በኋላ ሥራውን ለአፊያ ሰጡና ራቅ ብለው ተቀመጡ። አቶ ይኸነው የመጀመሪያውን አቤቱታቸውን አውጥተው ራሳቸው አነበቡት። «እንባዬ እንደ ክረምት ጎርፍ እየወረደ፣ ከክቡር ፍርድ ቤቱ እግር ሥር ወድቄ…» ብሎ የሚጀምር ነበር። የመሳፍንት አያት ከብት የካሳነሽን አያት ጤፍ የበላበትን ዘመን ያነሣል። በአንድ ሠርግ ላይ የተነገረ ስድብ ያነሣል። በመጨረሻም «እውነተኛ ፍርድ ይሰጠኝ» ይላል። ድምፃቸው ያማረ ስለ ነበር ሌሎቹ ተማሪዎች ሥራቸውን አቁመው አደመጡ።

አፊያ እስኪጨርሱ ጠበቀች። «አነጋገሩ ልብ ይነካል፣ አባባ። እኔ እንዲህ መጻፍ አልችልም። ግን እስቲ እኔ ዳኛው ልሁንና ልጠይቅዎ። የትኛው መሬት ነው? በምን ይዋሰናል?»

«አገር የሚያውቀው መሬት ነው እንጂ!»

«አገሩ ያውቃል፤ ዳኛው ግን ከሌላ አገር ተሹመው የመጡ ቢሆኑስ? መሳፍንት የገባው በስንት ቀን ነው? ምን አደረገ? አረሰ ወይስ አጠረ? ማን አየው? ፍርድ ቤቱስ ምን ያድርግልኝ ነው ካሳነሽ የምትለው? ‹እውነተኛ ፍርድ› ማለት አጥሩ ይነቀል ማለት ነው? ወይስ ካሳ ነው? ወይስ መሳፍንት ይታሰር ነው?»

«እንዴ፣ ዳኛ ሰው አይደለም ወይ?» አሉ አቶ ይኸነው ቅር ብሏቸው። «ልብ የለውም? መበለት ስታለቅስ ካላዘነ፣ አጥርና አዋሳኝ ብንቆጥርለት ያዝናል?»

«ሊያዝኑ ይችላሉ። ካዘኑ በኋላ ግን ምን ብለው ይፍረዱ? ፍርድ የሚጻፈው በዚህ መሬት ላይ፣ እገሌ ይህን ያድርግ ተብሎ ነው። እኛ ያልጻፍነውን እሳቸው ከየት ያመጡታል? በዚያ ላይ በዚያው ቀን ሌሎችም ብዙ መዝገቦች ጠረጴዛቸው ላይ አሉ፤ በእያንዳንዱም ውስጥ የሚያለቅስ ሰው አለ። መሳፍንትስ? እሱም ጥሩ ጸሐፊ ቢያገኝና ከእርስዎ የበለጠ ቢያስለቅስ መሬቱ የእሱ ይሁን?»

አቶ ይኸነው አቤቱታውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ይህን ከዚህ ቀደም አስበውት አያውቁም ነበር። በሠላሳ ዓመት የጽሕፈት ሥራቸው ሁልጊዜ የቆሙት ከአንዱ ወገን ነው፤ ከወዲያ ማዶ ያለውም ሰው እንባ እንዳለው አልታያቸውም።

አፊያ መለዘባቸውን አይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔም እንደ እርስዎው ነበርኩ። በመጽሐፉ ፈተና ከክፍሉ አንደኛ ወጥቼ፣ የሥነ ሥርዓት ልምምዱ ሲጀመር ለአንዲት ሴት ክስ ጻፊ ተባልኩ። አሥር ገጽ ጻፍኩ። የእርስዎ እንባ ነበረው፣ የእኔ ደግሞ የሕግ ቁጥር ብቻ። መምህር አወቀ ‹ሴትዮዋ ምን ይደረግልኝ ነው የምትለው?› ብለው ከሥሩ ጽፈው መለሱልኝ። አርሜ ሰጠሁ፤ መለሱልኝ። ሦስተኛ ጊዜ ሲመልሱልኝ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ለካ ሴትዮዋን ራሷን አንድ ቀን እንኳ አስቀምጬ አልጠየቅኋትም ነበር።»

መምህር አወቀ ከተቀመጡበት ፈገግ አሉ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ተጀመረ። አፊያ ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ የፍርድ ቤቱን ስም፣ ከዚያ የከሳሽንና የተከሳሽን ስምና አድራሻ ጻፈች። ነገሩን በቁጥር ከፋፍላ፣ በአንድ አንቀጽ አንድ ነገር ብቻ እንዲገባ አደረገች። አራተኛው አንቀጽ ላይ ስትደርስ ከአሮጌው አቤቱታ አንድ መስመር አነበበች።

«እዚህ ‹ጠመንጃ ደግኖ አስፈራራኝ› ይላል። ይህ መቼ ነው የሆነው፣ ካሳነሽ?»

ካሳነሽ ተደናገጠች። «የምን ጠመንጃ? ኧረ መሳፍንት ዱላ እንኳ አልያዘም። አጠረ፣ ውጣ አልኩት፣ አልወጣም አለ። ይኸው ነው።»

ሁሉም ወደ አቶ ይኸነው ዞሩ። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «ነገሩ እንዲከብድ ብዬ ጨመርኩት። ሁሉም ሰው ትንሽ ይጨምራል።»

«ካሳነሽ ከታች የምትፈርመው ከላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው ብላ እኮ ነው» አለች አፊያ። «አንዱ ውሸት ቢገኝ ዘጠኙ እውነት ይጠረጠራል። መሳፍንት ጠመንጃ የለኝም ብሎ አሥር ምስክር ቢያመጣ፣ ስለ አጥሩ ማን ይሰማናል? እውነቱ እኮ ራሱ ይበቃናል አባባ። አጥሯል፤ አልወጣም ብሏል። ሕጉ ከዚህ በላይ አይጠይቅም።»

«ሰርዢው» አሉ አቶ ይኸነው። ጥቂት ቆይተውም «ደህና አድርገሽ ሰርዢው» አሉ።

ቀጥሎ ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። አፊያ የመሬቱን አዋሳኞች ከካሳነሽ የይዞታ ደብተር ገልብጣ ጮክ ብላ ስታነብ፣ «በሰሜን ኪዳኑ» ከማለቷ ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ ልጄ። ይህ ደብተር የተጻፈ ጊዜ ነበር ኪዳኑ። እሱ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። መሬቱን የያዘችው ልጁ ሙሉነሽ ናት። ደግሞ ደብተሩ በምዕራብ መንገድ ይላል፣ መንገዱ ግን ወደ ታች ዞሯል፤ አሁን ያለው ምንጩ የሚወርድበት ቦይ ነው። እንዲህ ብለሽ ብትጽፊው መሳፍንት ‹እኔ ያጠርኩት ሌላ መሬት ነው› ይልሻል።»

አፊያ እስኪርብቶዋን አስቀመጠች።  «እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባባ። ሄጄ ሳላይ ደብተሩን አምኜ መጻፌ ነው።»

መምህር አወቀ አሁን ተነሥተው መጡ። «ይህን ያህል ዓመት ሳስተምር ለማስረዳት የምደክመው ይኸንን ነው» አሉ። «የጽሑፉን ቅርጽ ተማሪዋ ታውቃለች። መሬቱን የሚያውቁት ደግሞ አቶ ይኸነው ናቸው። አቤቱታ የሚቆመው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ‹በደብተሩ ላይ ኪዳኑ፣ አሁን ወራሹ ሙሉነሽ› ብለሽ ጻፊው።»

አቶ ይኸነው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አልተከራከሩም ማለት አይቻልም። አሥራ አምስት የተከበሩ ሽማግሌዎች በምስክርነት ይቆጠሩልን ብለው ነበር። አፊያ ግን አጥሩ ሲታጠር በዓይናቸው ያዩት እነማን እንደሆኑ ስትጠይቅ ሦስት ብቻ ተገኙ። አንዷ ሙሉነሽ ራሷ ነበረች። ሦስቱ ስማቸውና አድራሻቸው፣ የሚያስረዱትም ጭብጥ ተጽፎ ገባ። ከዋናው ክስ ጋር ዛፉ ክርክሩ እስኪያልቅ እንዳይቆረጥ የሚጠይቅ የእግድ አቤቱታና ቃለ መሐላ ለብቻው ተዘጋጀ። ሁሉም ተገጣጥሞ ሲነበብ ክሱ አንድ ገጽ ተኩል ሆነ።

«ይህ ብቻ?» አለች ካሳነሽ።

«ይህ ብቻ» አሉ አቶ ይኸነው፣ ከአፊያ ቀድመው።

ክሱና የእግድ አቤቱታው ግንቦት ሃያ አራት ቀን አዲስ ቅዳም ላይ ለወረዳው ፍርድ ቤት ቀረበ። በሦስተኛው ቀን እግዱ ተሰጠ። ትእዛዙን የቀበሌው ሰው ለመሳፍንት ባደረሰበት ጧት ቆራጮቹ መጋዛቸውን አውርደው ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ትእዛዙን ሰሙ፤ ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። ክንዴ አጥሩ ዳር ቆሞ ሲሄዱ አያቸው። ከዚያ ወደ ቤት ገብቶ ለእናቱ «አንድም ሰው አልጮኸም እኮ» አላት፣ ነገሩ ያልገባው ይመስል። ካሳነሽ ያን ዕለት ከባሏ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪነጋ ሳትነቃ አደረች።

የክርክሩ ቀን አፊያ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ነበር። ተማሪ ስለሆነች ቆማ አትከራከርም፤ የተናገረችው ካሳነሽ ራሷ ናት። በአዊኛ ልናገር ብላ ጠየቀች፤ አስተርጓሚ ቆመላት። የትኛው መሬት፣ በስንት ቀን፣ ማን፣ ምን እንዳደረገ፣ ምን እንዲደረግላት እንደምትፈልግ ልክ እንደ ተጻፈው ተናገረችና ተቀመጠች።

መሳፍንት ስለ አሮጌው አቤቱታ ጠመንጃ በመንደር የተወራውን ሰምቶ ኖሮ አምስት ሰዎች አሰልፎ መጥቷል። «እኔ ጠመንጃ ይዤ አላውቅም፤ እነዚህ ያውቁኛል» ብሎ ጀመረ።

ዳኛው ወረቀቱን አገላብጠው አዩ። «ስለ ጠመንጃ የተናገረ አለ? እኔ የማየው አጥር ነው። ይህን መሬት አጥረሃል ወይስ አላጠርክም?»

መሳፍንት ወደ ሰዎቹ ዞረ። ሰዎቹም ወደ እሱ አዩ። «አጥሬያለሁ። አባቴ ድሮ ያርሰው ነበር።»

«የሚያሳይ ወረቀት፣ ደብተር፣ ውል?»

«የለኝም።»

 ያቺ አንዲት መስመር ባትሰረዝ ኖሮ የዛሬው ቀን በሙሉ በጠመንጃ ወሬ አልቆ እህታቸው ሐሰተኛ ተብላ ትወጣ እንደ ነበር አቶ ይኸነው በዓይናቸው አዩት። ሦስቱ ምስክሮች ከተሰሙ በኋላ ፍርድ ቤቱ መሳፍንት ሁከቱን እንዲያቆም፣ አጥሩን ነቅሎ ይዞታውን እንዲለቅ ወሰነ።

በዚያ ሰሞን አቶ ይኸነው ለአፊያ ስልክ ደወሉ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ሦስት ጊዜ ነው የደወሉት። «ልጄ፣ አንቺና መምህርሽ እሑድ እሑድ ወደ ቀበሌያችን ብቅ እያላችሁ ብታስተምሩን ምን አለ? ሰው ትእዛዝ እስከ መጨረሻው ማንበብ አይችልም፤ እኔም አልቻልኩም ነበር። ቀጠሮ እያለፈው፣ የማይጠቅመውን እየጨመረ፣ እውነተኛ ነገር ይዞ የሚረታ ስንት አለ! ሲረታም ዳኛውን ይረግማል፣ ከዚያ ወደ መጥረቢያ ይሄዳል። ይህን ቢያውቅ ኖሮ ጊዜውን ያድን ነበር፣ ከጎረቤቱም አይቆራረጥም፤ ወንድ ልጁም በሕይወት ይኖራል። እኔ ለጽሕፈቱ እረዳችኋለሁ። እጄ እኮ ጥሩ ነው።»

«እጅዎን እኛም እንፈልገዋለን» አለች አፊያ። «ተማሪዎቹ መሬት ወርደው አዋሳኝ እንዲያዩ የሚያስተምር ሰውም አጥተናል።» ትምህርቱ በሐምሌ የመጀመሪያው እሑድ ተጀመረ፤ እስከ ዛሬም አልተቋረጠም።

አቶ ይኸነውን ከሁሉ ያስገረማቸው ግን ፍርዱ በተሰጠ በሳምንቱ መሳፍንት ራሱ ከደጃቸው መቆሙ ነው። አስገብተው አስቀመጡት።

«ጋሼ ይኸነው፣ እህትዎ እንዴት እንደረታችኝ አይቻለሁ። ለእኔስ የሚጻፍ ነገር አለ?»

የድሮው ይኸነው ቢሆኑ ያባርሩት ወይም ያሾፉበት ነበር። አሁን ግን መነጽራቸውን አደረጉ። «አለ። አልስማማም ብትል በጊዜው ይግባኝ ማለት ትችላለህ። መሬቱ በእውነት የእኔ ነው ካልክም ማስረጃህን ይዘህ በባለመብትነት መክሰስ ትችላለህ፤ የተከለከልከው በጉልበት መያዝ ነው። እህቴ ስለሆነች እኔ አልጽፍልህም፤ ቢሮውን ግን አሳይሃለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ማስረጃ አለህ?»

 «የለኝም» አለ መሳፍንት። «አባቴ እኩል አራሽ ነበር፣ ባለቤት አልነበረም። ዛፉ ሲያምር አይቼ ነው።»

«እንግዲያው ለፍርድ ቤት የምትጽፈው የለህም።»

«አጥሩን ግን ብቻዬን አልነቅለውም፤ ሦስት ቀን ይፈጅብኛል። ቢዘገይ ደግሞ እምቢ አለ ትሉኛላችሁ።»

አቶ ይኸነው ከቤት ወጥተው ክንዴን ጠሩት። ክንዴ መሳፍንትን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ፤ አጎቱ የነገሩትን ሰምቶ ግን ዶማ ሊያመጣ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ካባራ በኋላ ሁለቱ ከአጥሩ ጫፍና ጫፍ ጀምረው እየነቀሉ ወደ መካከል መጡ። እንጨቱ ረጥቦ ከብዶ ስለ ነበር የመጨረሻውን ሸክም አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ሆነው አነሡት፤ ቦዩን ተሻግረውም ወደ መሳፍንት ቤት ይዘውት ሄዱ። ካሳነሽ ከዛፎቹ መካከል ቆማ «ያንሸራትታል፣ ቀስ በሉ!» ብላ በአዊኛ ጮኸችባቸው፤ ለሁለቱም።